የክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲዛወር

የቴሌቪዥን ማሰራጫ መለወጥ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። አሮጌውን መሣሪያ መንቀል፥ አዲሱን መትከል፥ ከዚያም ማብሪያውን መጫን ነው፤ ሌላ ምን አለው? ይባላል። ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው እንዲህ ቀላል አይደለም። ማሰራጫው የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለሆነ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። መቀበያው ግን በየሰዉ ቤት የተበተነ፥ እያንዳንዱ ባለቤት በገዛ ገንዘቡ የገዛው ዕቃ ነው፤ እርሱን በአንድ ሌሊት የሚለውጥ ኃይል የለም። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ይሆናል ማለት ነው። አንደኛው፥ ማሰራጫው እንዴት ይለወጣል? ሁለተኛው፥ በተለወጠ ማግስት ማን ያለ ቴሌቪዥን ይቀራል?

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥያቄዎች በተቻለ መጠን ለማብራራት እንሞክራለን። ዋናው ምሳሌያችን ታላቋ ብሪታንያ ናት፤ ምክንያቱም ከ2007 እስከ 2012 ድረስ ሥራውን በክፍለ ሀገር በክፍለ ሀገር ከፋፍላ ስለፈጸመችው የእያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት በግልጽ ይታያል። ከሌሎችም አገሮች የሚያስፈልገውን እንጠቅሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ልዩነት

በአናሎግ ሥርዓት ከማሰራጫው የሚወጣው ሞገድ የሥዕሉን ብርሃንና ጨለማ እየተከተለ ይጠነክራል፥ ይደክማል። በአውሮፓው አሠራር አንዱ ሥዕል በ625 መስመሮች ተከፍሎ በሰከንድ 25 ሥዕሎች ይላካሉ። ሞገዱ ሥዕሉን እንደ ጥላ ስለሚከተለው፥ በመንገድ ላይ ሞገዱን የነካው ነገር ሁሉ ሥዕሉንም ይነካዋል። ተራራ ቢመልሰው በተናጋሪው ሰው ጎን ሌላ የደበዘዘ ሰው ይታያል፤ ጉልበቱ ቢደክም መስተዋቱ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል።

በዲጂታል ሥርዓት ግን የሥዕሉ እያንዳንዱ ነጥብ ተለክቶ በቁጥር ይጻፋል፤ የሚላከውም ቁጥሩ ነው። ቁጥሩም ዜሮና አንድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ያንኑ ባለ 625 መስመር ሥዕል እንዳለ በቁጥር ብንጽፈው በሰከንድ 216 ሚሊዮን ያህል ዜሮና አንድ ይወጣዋል። ለአንድ ጣቢያ የሚሰጠው የሞገድ መስመር ስፋቱ 8 ሜጋኸርዝ ነውና ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ቁጥሩ ይጨመቃል። የመጨመቁም ዘዴ ከተራ አስተዋይነት የመጣ ነው። ዜና የሚያነበውን ሰው እንመልከት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፥ ዓይኑ ይርገበገባል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ግን ያው ነው። ታዲያ ግድግዳውን በሰከንድ 25 ጊዜ መላክ ለምን ያስፈልጋል? የተለወጠው ብቻ ይላካል። በዚህ ዓይነት አንድ ፕሮግራም በሰከንድ በጥቂት ሚሊዮን ቁጥር ብቻ ይተላለፋል። በብሪታንያ አንዱ መስመር በሰከንድ 24 ሚሊዮን ያህል ስለሚሸከም፥ ቀድሞ አንድ ጣቢያ ብቻ ይዞት በነበረው ቦታ ላይ ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጥቅል ሆነው ይሄዳሉ።

ተራራ የሚመልሰውስ ሞገድ? ለዚህም መድኃኒት ተገኝቶለታል። ቁጥሮቹ በአንድ ፈጣን ጅረት አይላኩም፤ 6,817 በሚሆኑ ትናንሽ ሞገዶች ላይ ይከፋፈላሉ። ሸክሙ ለብዙ ስለተከፋፈለ እያንዳንዱ ሞገድ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ምልክት መጀመሪያ ላይ ደግሞ አጭር የመታገሻ ጊዜ ይተውለታል። ከተራራ ተመልሶ የዘገየው ሞገድ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከደረሰ ጉዳት አያመጣም። ከዚህ የሚያስደንቅ ጥቅም ይገኛል። ሁለት ማሰራጫዎች አንድ ዓይነት ፕሮግራም በአንድ መስመር ላይ ቢልኩ፥ መቀበያው የሁለተኛውን ሞገድ ከተራራ እንደተመለሰ ቆጥሮ ይቀበለዋል። በአናሎግ ጊዜ ግን ሁለት ጎረቤት ማሰራጫዎች በአንድ መስመር ከተላለፉ ይጠፋፉ ነበር። የመታገሻው ጊዜ በረዘመ መጠን ማሰራጫዎቹ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ትልቁ መታገሻ 67 ኪሎሜትር የሚያህል የመንገድ ልዩነት ይታገሣል። ዳሩ ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። መታገሻው ሲረዝም የሚጫነው ቁጥር ይቀንሳል። በርሊን ማሰራጫዎቿን በአንድ መስመር ላይ አስተባብራ መስመር ቆጠበች፤ ብሪታንያ በአብዛኛው መታገሻውን አሳጥራ ብዙ ፕሮግራም መጫንን መረጠች።

በሦስተኛ ደረጃ የስሕተት ማረሚያ አለ። በየ188 ቁጥር ክፍሉ 16 ተጨማሪ ክፍሎች ይታከላሉ። በመንገድ ላይ እስከ 8 የሚደርሱ ክፍሎች ቢበላሹ መቀበያው በትርፎቹ ረዳትነት ትክክለኛውን ያወጣዋል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ምስጋና ነው። ነውሩም መነገር አለበት። አናሎግ ሲደክም ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ሥዕሉ ነጠብጣብ ቢበዛበትም ሰው ይታገሠዋል፥ ድምፁንም ይሰማል። ዲጂታል ግን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ንጹሕ ነው፤ ወሰኑን ሲያልፍ በድንገት እየተቆራረሰ ይቆምና ይጨልማል። ገደል እንደ መውደቅ ነው፤ መሐንዲሶችም ይህንኑ በገደል ይመስሉታል። ስለሆነም ከጣቢያው ርቆ በዛገ አንቴና ለብዙ ዓመት ደብዛዛ ሥዕል ሲያይ የኖረ ቤተ ሰብ፥ በአዲሱ ሥርዓት ደብዛዛውንም ሊያጣ ይችላል። ይህ ቤተ ሰብ አብዛኛውን ጊዜ ድኻው ወይም ሸለቆ ውስጥ የሚኖረው ነው። የማሰራጫ መለወጥ የኑሮም ጉዳይ የሚሆነው ከዚህ ላይ ነው።

ጎን ለጎን ለምን አይኖሩም?

አንዳንድ ሰው «አሮጌውም ይቀጥል፥ አዲሱም ይጨመር፤ ሰው የወደደውን ይይ» ሊል ይችላል። ብሪታንያም በመጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የምድር ዲጂታል ቴሌቪዥን በኅዳር 1998 ተጀመረ። ነገር ግን የአናሎግ ጣቢያዎች መስመሮቹን ሞልተው ስለያዙ አዲሱ እንግዳ በየክፍተቱ ተሸማቆ፥ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ መኖር ነበረበት። በለንደን በክሪስታል ፓላስ ማማ ላይ አናሎጉ በ1,000 ኪሎዋት ሲተላለፍ ዲጂታሉ ከ20 ኪሎዋት አይበልጥም ነበር። በዚህ ምክንያት ከአራት ቤት አንዱ ያህል በምድር ማሰራጫ የሚመጣውን ዲጂታል ሊያገኝ አልቻለም። ሥራውን በክፍያ የጀመረው ኩባንያም በ2002 ከሰረ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፍሪቪው የተባለው ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚታይ አገልግሎት ተተካ።

ነገሩ እንደ እንቁላልና ዶሮ ነው። ሕዝቡ ዲጂታል እስኪደርሰው ድረስ መቀበያ አይገዛም፤ ዲጂታልም አናሎጉ ካልተዘጋ ጉልበት አግኝቶ ሊደርሰው አይችልም። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ቀን ቆርጦ አሮጌውን መዝጋት ብቻ ነው። አናሎጉ ከተዘጋ በኋላ በክሪስታል ፓላስ ያለው ዲጂታል ወደ 200 ኪሎዋት ከፍ አለ። ከቀድሞው አናሎግ አምስተኛ ያህል ኃይል ብቻ ነው፤ ቢሆንም ይበቃል። የዋና ዋናዎቹ የሕዝብ ጣቢያዎች ጥቅልም 98.5 በመቶ ለሚሆነው ቤት ደረሰ።

ከዚህም ሌላ ሞገድ ድንበር አያውቅም። አንዱ አገር ቢለውጥና ጎረቤቱ ባይለውጥ እርስ በርሳቸው ይረባበሻሉ። ስለዚህ በ2006 በጄኔቫ የአውሮፓ፥ የአፍሪቃና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ተሰብስበው የመስመሮቹን ክፍፍል ተስማሙ። በስምምነቱም መሠረት ከሰኔ 17 ቀን 2015 ወዲህ የአናሎግ ጣቢያ ከጎረቤት ዲጂታል ጣቢያ የሚጠበቅበት መብት ቀረ፤ ለአንዳንድ የአፍሪቃና የሌሎች አገሮች ግን በአንዳንዱ መስመር እስከ 2020 ተራዘመ። ሰሜን አየርላንድና የአየርላንድ ሪፑብሊክ አናሎጋቸውን በአንድ ቀን፥ በጥቅምት 24 ቀን 2012 የዘጉት በከንቱ አይደለም።

በክፍለ ሀገር በክፍለ ሀገር

ብሪታንያ 80 ዋና ዋና ማሰራጫዎችና ከ1,000 የሚበልጡ አቀባይ ጣቢያዎች ነበሯት። አቀባይ ጣቢያ ማለት ዋናው ማሰራጫ በማይደርስበት ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ሞገዱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ትንሽ ጣቢያ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መለወጥ አይቻልም። ማማ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ባለሙያ ጥቂት ነው፤ የቤት አንቴና የሚያቃናውም እንዲሁ። የመስመሮቹም አደላደል እንደ ገበጣ ነው፤ አንዱ ቦታውን ሳይለቅ ሌላው ሊገባ አይችልም።

በመጀመሪያ የተፈተነው በትንሽ ቦታ ነው። በ2005 በዌልስ ፌሪሳይድና ላንስቴፈን በተባሉ ሁለት መንደሮች አናሎጉ ተዘግቶ ሕዝቡ ዲጂታል ብቻ እንዲያይ ተደረገ፤ ከሙከራው በኋላም ነዋሪዎቹ ዲጂታሉን ለማስቀረት ፈቀዱ። ከዚያ ቀጥሎ በጥቅምት 17 ቀን 2007 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በዋይትሄቨን አካባቢ 25,000 ያህል ቤቶች ተለወጡ። ከዚያ በ2008 የስኮትላንድና የእንግሊዝ ወሰን፥ በ2009 ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና የማንቸስተር ዙሪያ፥ በመጋቢት 2010 መላው ዌልስ፥ በ2010 እና በ2011 ስኮትላንድ፥ በሚያዝያ 2012 ለንደን፥ በመጨረሻም በጥቅምት 2012 ሰሜን አየርላንድ ተፈጸመ። ትልቁ ከተማ ወደ መጨረሻ መቆየቱን ልብ ይሏል። ስሕተት ቢሠራ በ25,000 ቤት ላይ ቢሠራና ቢታረም ይሻላል እንጂ በሚሊዮኖች ላይ መሆን የለበትም።

በእያንዳንዱ ቦታ መዝጋቱ በሁለት ደረጃ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢቢሲ ሁለት የተባለው አንድ የአናሎግ ጣቢያ ብቻ ይዘጋና በእርሱ ፈንታ የመጀመሪያው ኃይለኛ የዲጂታል ጥቅል ይከፈታል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ የቀሩት አናሎጎች ሁሉ ይዘጋሉ። ይህ አሠራር ብልኅነት አለበት። ማስታወቂያ ያልሰማ ወይም ሰምቶ ያላመነ ሰው አንዱ ጣቢያ ሲጠፋበት ይደነግጣል፤ ሌሎቹ ግን ገና አሉና ዜናውን እያየ፥ ጎረቤቱን እየጠየቀ መቀበያውን ለመግዛት ጊዜ ያገኛል። አስቀድሞ የገዛውም ሰው ቢሆን ጥቅሎቹ መስመር ስለሚለውጡ በሁለቱም ቀን መቀበያውን እንደገና ጣቢያ ማስፈለግ ነበረበት።

በማማው ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይከብድ ነበር። አሮጌው አንቴና ወርዶ አዲሱ ሲሰቀል ስርጭቱ መቋረጥ የለበትም፤ ስለዚህ ጊዜያዊ አንቴና ይተከላል። ነፋስ በበረታ ቀን ወደ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ የሥራው ወራት ውስን ናቸው። 387 ሜትር ከፍታ የነበረው የቤልሞንት ማማ በ2010 ጫፉ ተነሥቶለት ወደ 351 ሜትር ዝቅ አለ።

በቤት ያለው ግማሽ

መሐንዲሱ ሥራውን ቢጨርስም ግማሹ ገና አልተሠራም። አሮጌ ቴሌቪዥን ያለው ሰው መጣል የለበትም፤ ሪሲቨር የሚባለውን ሣጥን ገዝቶ ቢያያይዘው ይበቃዋል። ነገር ግን ሣጥኑን የሚገዛ፥ ሽቦውን የሚያገናኝ፥ ጣቢያ የሚያስፈልግ ሰው ያስፈልጋል። ለወጣት ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ ሰማንያ ዓመት ለሞላቸው እናት ግን የቤታቸው ብቸኛ ድምፅ የሚጠፋበት ቀን ሊሆን ይችላል።

የብሪታንያ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ ከቴሌቪዥን ፈቃድ ገቢ 603 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። 75 ዓመት የሞላቸው፥ ዓይነ ስውራንና ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች 40 ፓውንድ ከፍለው፥ ችግረኞች ደግሞ ያለ ክፍያ፥ ሣጥኑን ያገኛሉ፤ ባለሙያም ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይተክልላቸዋል፥ አጠቃቀሙንም ያሳያቸዋል። በመጨረሻም ከተመደበው ገንዘብ ብዙው ሳይወጣ ተረፈ። ብዙው ሕዝብ በራሱ ኃይል ወይም በልጆቹ እርዳታ ስለተወጣው ነው።

አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። ለእያንዳንዱ ቤት እያንዳንዳቸው 40 ዶላር የሚያወጡ እስከ ሁለት ኩፖኖች በፖስታ ላከች። በመስከረም 8 ቀን 2008 የዊልሚንግተን ከተማ አስቀድማ ተፈተነች፤ መላ አገሩ በየካቲት 17 ቀን 2009 እንዲዘጋ በሕግ ተወስኖ ነበር። ነገር ግን በጥር ወር የኩፖኑ ገንዘብ አለቀና የሚጠባበቀው ሰው በዛ፤ ምክር ቤቱም ቀኑን ወደ ሰኔ 12 ለማስተላለፍ ተገደደ። ሃዋይ ብቻ ቀድማ በጥር 15 ዘጋች፤ ምክንያቱም በሃሌያካላ ተራራ ያሉት አሮጌ ማማዎች አንዲት ልትጠፋ የተቃረበች የባሕር ወፍ ጎጆ ከምትሠራበት ወራት በፊት መፍረስ ነበረባቸው። እንግዲህ ሕግ ቀን ሊቆርጥ ይችላል፤ ሣጥኑ በቤቱ ካልተገኘ ግን ቀኑ ቀን አይሆንም።

የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከአፍሪቃ ታንዛንያ ቀደም ብላ ጀመረች። በታኅሣሥ 31 ቀን 2012 በዳር ኤስ ሰላም አናሎጉ ተዘጋ፤ ሌሎች ከተሞችም በ2013 በየተራ ተከተሉ። በኬንያ ግን ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤትም ደረሰ። በየካቲት 2015 ታላላቆቹ የግል ጣቢያዎች ተዘግተው ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ጨለሙ።

ክርክሩ ምን ነበር? በአናሎግ ጊዜ ጣቢያ ማለት ማሰራጫም ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ራሱ በማማው ያስተላልፈዋል። በዲጂታል ግን ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ጥቅል ስለሚሄዱ ጥቅሉን የሚሸከም አንድ ድርጅት ይኖራል፤ ጣቢያው ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ ለእርሱ ያስረክባል። የኬንያ ባለጣቢያዎች ለብዙ ዓመት ገንዘባቸውን ያፈሰሱበትን ማሰራጫ ትተው ለሌላ እንዲያስረክቡ አንፈልግም፥ የራሳችን ማሰራጫ ፈቃድ ይሰጠን አሉ። ነገሩ የንግድ ብቻ አይደለም። ሸክሙን የያዘው ሰው የበሩን ቁልፍ ይዟል፤ ማን እንዲገባ፥ በስንት ዋጋ እንዲገባ፥ ማንስ ደጅ እንዲቆም ሊወስን ይችላል። ስለሆነም ተሸካሚው ለሁሉም በአንድ ዋጋና በአንድ ደንብ እንዲያስተናግድ ሕግ ካላስገደደው፥ አሥር ጣቢያ የሚችለው መስመር አንድ ድምፅ ብቻ ሊያሰማ ይችላል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ጣቢያዎቹ በጥቂት መስመር ስለተጠቃለሉ ብዙ መስመር ባዶ ቀረ። ብሪታንያ ከ790 እስከ 862 ሜጋኸርዝ ያለውን በ2013 ከሌላ መስመር ጋር ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ሸጣ 2.34 ቢሊዮን ፓውንድ አገኘች። ያ መስመር ሩቅ ስለሚሄድና በግድግዳም ስለሚያልፍ ለእጅ ስልክ ኢንተርኔት እጅግ ተፈላጊ ነው። ታዲያ ባዶ ቦታውን ያስለቀቀው ማን ነው? በየቤቱ ሣጥን የገዛው ሕዝብ ነው። ከዚህ ገንዘብ ለሕዝቡ ምን ያህሉ ተመለሰ ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ቴሌቪዥን በአገራችን በ1964፥ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ። ዛሬ ብዙው ባለ ቴሌቪዥን ቤት በዲሽ ከሳተላይት ይቀበላል። «እንግዲያስ የምድር ማሰራጫ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ሳተላይት ገደሉንና ሸለቆውን ሁሉ ያለ አቀባይ ጣቢያ ይሸፍናል፤ ይህ ለተራራማ አገር ታላቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን ሳተላይቱ ከውጭ ኩባንያ በኪራይ የሚገኝ ነው፤ የሚልከውም ለሁሉ አንድ ነው። ለአንድ አውራጃ በአውራጃው ቋንቋ፥ ስለ ገበያው፥ ስለ መንገዱና ስለ ጤና ጣቢያው ለመናገር በአጠገቡ ያለ የምድር ማሰራጫ የተሻለ ነው። በአንድ መስመር ላይ ብዙ ጣቢያ መጫን ከተቻለ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ትንሽ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ይገኛል።

ከላይ ካየናቸው አገሮች ታሪክ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ መስመሮቹ ከጎረቤት ጋር ይደላደሉ። ሁለተኛ የተሸካሚው ድርጅት ሕግ ከማሰራጫው ግዢ በፊት ይጻፍ። ሦስተኛ በትንሽ ቦታ ይፈተን። አራተኛ ሣጥኑ በገበያ፥ ድኻው በሚችለው ዋጋ መኖሩ ይረጋገጥ። አምስተኛ መዝጋቱ በሁለት ደረጃ ይሁን። ቀን መቁረጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀኑን አስቀድሞ ቆርጦ ሌላውን በኋላ መፈለግ የአሜሪካን የጥር ወር ወይም የኬንያን ጨለማ መድገም ይሆናል።

ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ የማማውን ሥራ እርሱ ያስብበት። ሕግ የሚያጠና አለ፤ የበሩን ቁልፍ ጉዳይ ይመርምር። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የባዶውን መስመር ሒሳብ ያስላ። የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ተማሪም በሸለቆው ውስጥ ያለውን ቤት አንኳኩቶ፥ በተዘጋ ማግስት ማን በጨለማ እንደቀረ ቆጥሮ ይንገረን። አራቱ ተገናኝተው ካልተነጋገሩ ማሰራጫው ይለወጥ ይሆናል፤ ተመልካቹ ግን እንደ ቀረ ይቀራል።